«አበዛኸው» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ነው? ከልክ ማለፍን የሚገልጹ ግሦች አጠቃቀም

«ኧረ ኦቨር አታድርጊ!» ይሄ አሁን አማርኛ ነው። ሰፈር ውስጥ የማይረዳው የለም። ችግሩ የሚመጣው ይቺኑ «ኦቨር» ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንመለስ ነው። ወጡ ጨው በዝቶበት «ኢት ኢዝ ኦቨር» ብትሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰማው «አለቀ» ነው፤ ሳህኑን አንስቶ ሊሄድ ይችላል። «ዶንት ኦቨር» ካላችሁት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እስክትጨርሱለት አፍ አፋችሁን ያያል። ኦቨር እንግሊዝኛ ውስጥ ብቻዋን እንዲህ ዓይነት ሥራ አትሠራም። ከኋላዋ ግሥ ትፈልጋለች፤ የትኛውን ግሥ እንደምትፈልግ ማወቁ ነው ሥራው።

አማርኛ ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። «ከመጠን በላይ» እንልና ግሡን እንዳለ እንተወዋለን። ከመጠን በላይ በላ፣ ከመጠን በላይ ተኛ፣ ከመጠን በላይ ጫነ፣ ከመጠን በላይ አወጣ። አንድ ሐረግ ሁሉንም ይሸከማል። እንግሊዝኛ ግን አንዳንዴ ሁለቱን አንድ ቃል ያደርጋቸዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሌላ ግሥ ያመጣል። ስለዚህ «በዛ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ብሎ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ብዙም አያዋጣም። ጥያቄው «የታለፈው ነገር ምንድን ነው?» ቢሆን ይሻላል። ቁጥር ነው? ሰዓት ነው? የሰው መሬት ነው? ሥልጣን ነው? ወይስ የሰው ትዕግሥት? ይሄን ከመለሳችሁ ግሡ ራሱ ይመጣል።

የታለፈው ቁጥር ከሆነ

እዚህ ያለው ግሥ ኤክሲድ ነው። የተጻፈ፣ የሚቆጠር፣ የሚለካ ገደብ ሲታለፍ። የመድኃኒት ወረቀት ላይ «ዱ ኖት ኤክሲድ ዘ ስቴትድ ዶዝ» የሚል ታገኛላችሁ፤ ከተጻፈው መጠን አትለፉ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የሚሸጥ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ማሸጊያው ላይ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ እንዳይወስድ ይላል፤ ይሄ 4 ግራም መሆኑ ነው። ጂሜይልም ለሚያያዝ ፋይል የ25 ሜጋባይት ገደብ አለው፤ ይሄን ማለፍም በዚሁ ግሥ ነው የሚገለጸው። አይኤልትስ የምትፈተኑ ደግሞ ግራፍ ስታብራሩ ይሄ ግሥ ይጠቅማችኋል፤ «ሽያጩ ከ50 በመቶ አለፈ» ለማለት «ሴልስ ኤክሲድድ 50 ፐርሰንት» በቂ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው። እኛ «ከዚህ አለፈ»፣ «ከዚህ በለጠ» እያልን ስላደግን «ከ»ን የሚተካ ነገር እንፈልጋለን። «ኤክሲድ ዛን» ወይም «ኤክሲድ ኦቨር» እንላለን። ሁለቱም አይሆንም። ኤክሲድ ውስጥ «ከ» ተካቷል፤ ወዲያው ቁጥሩን ማስቀመጥ ነው።

ስሙ ኤክሴስ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ሻንጣዋ ከ23 ኪሎ አልፎ «ኤክሰስ ከፈልኩ» ያለችውን ዘመዳችሁን አስታውሱ፤ እሷ ቃሉን በትክክል ነው የተጠቀመችው። ስትጽፉት ብቻ ከአክሰስ ጋር እንዳታምታቱት። አክሰስ መግቢያ ነው፣ መድረሻ ነው፣ ፈቃድ ነው። «አይ ሃቭ ኤክሴስ ቱ ዘ ፋይል» ብሎ ለአለቃው የጻፈ ሰው ፋይሉ ተርፎኛል ያለ ይመስላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤክሲድ ትንሽ ክራቫት ያሰረ ግሥ ነው። ወረቀት ላይ ያምርበታል፣ ጓደኛ ጋር ግን ይከብዳል። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ስለነዳ ሰው ስታወሩ «ሂ ኤክሲድድ ዘ ስፒድ ሊሚት» ብትሉ ስሕተት የለበትም፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት የምታነቡ ትመስላላችሁ እንጂ። ሰው የሚለው «ሂ ዎዝ ስፒዲንግ» ነው። አለቀ።

ቁጥር የለም፣ ግን በዝቷል

አሁን ወደ ኦቨር ቤተሰብ ገባን። እዚህ ገደቡን የጻፈው ማንም የለም። ሰው ሲያየው ነው «ኧረ በዛ» የሚለው።

ዋናው ኦቨርዱ ነው። አንድን ሥራ ወይም አንድን ነገር ማብዛት። ሽቶ ያበዛ ሰው፣ ሜካፕ ያበዛች ሙሽራ፣ ጂም በገባ በመጀመሪያው ቀን ብረት ሁሉ ካላነሣሁ ያለ ወንድም፣ ሁሉም ኦቨርዱ ውስጥ ይገባሉ። ዶክተር ከቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ቤት ሲልካችሁ «ዶንት ኦቨርዱ ኢት» ይላል፤ ራስህን አታድክም፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። «ኢት»ን አትርሷት። ያበዛችሁትን ነገር ስም ካልጠራችሁ «ኢት» ቦታውን መያዝ አለባት። «አይ ኦቨርዲድ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «አይ ኦቨርዲድ ኢት» ወይም «አይ ኦቨርዲድ ዘ ሶልት» ነው። እንግዲህ «ኦቨር አታድርጊ»ን ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሱት በዚህ ነው፤ «ዶንት ኦቨርዱ ኢት»።

ሥጋ ቤት ወይም ሬስቶራንት ስትገቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። በደንብ የበሰለ ሥጋ የሚፈልግ ሰው «ዌል ደን» ነው የሚለው። «ኦቨርደን» ካለ ከልክ በላይ በስሎ የደረቀ፣ ጫማ የሆነ ሥጋ ማለት ነው። ይሄን ቃል የምትጠቀሙት ሥጋው ከመጣ በኋላ ለማማረር እንጂ ለማዘዝ አይደለም።

ኦቨርዩዝ ከኦቨርዱ የሚለየው አንድን ነገር ደጋግሞ በመጠቀም ላይ ማተኮሩ ነው። ስልክ፣ ቃል፣ መድኃኒት፣ ውኃ፣ ጉልበት። ድርሰታችሁ ውስጥ «ቬሪ» ሃያ ቦታ ካለ መምህሩ ቃሉን ኦቨርዩዝ አድርጋችኋል ይላል። ለአካባቢ ጥበቃ ድርሰት ከፈለጋችሁ ቅርብ ምሳሌ አለን። ሐረር አካባቢ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ውኃው ያለ ልክ ሲቀዳ ከቆየ በኋላ፣ ሌሎች ምክንያቶችም ተጨምረውበት፣ ደርቆ ነበር። በእንግሊዝኛ «ፒፕል ኦቨርዩዝድ ዘ ዎተር» ነው። ግጦሽ ሲበዛ ኦቨርግሬዝ፣ ዓሣ ማጥመድ ሲበዛ ኦቨርፊሽ አለላችሁ፤ ሁለቱም አይኤልትስ ላይ የሚወደዱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን አንድ በአንድ መተንተን አያስፈልግም። ግሡን ካወቃችሁ ፊቱ ላይ ኦቨር መለጠፍ ነው። ኦቨርኢት ብዙ መብላት። ኦቨርስፔንድ ገንዘብ ማባከን፣ ደመወዝ በገባ ማግሥት የሚታወቀው ዓይነት። ኦቨርፔይ ከዋጋው በላይ መክፈል። ኦቨርኩክ ማብሰሉን ማሳለፍ። ኦቨርፓክ ለሦስት ቀን ጉዞ የወር ልብስ መሸከፍ። ኦቨርሎድ ትርፍ መጫን፤ ሊፍት ውስጥ አንድ ሰው ሲጨመር ጢጥ ጢጥ ብሎ የሚያስወርዳችሁም ይሄው ነው። ኦቨርቲንክ ሌሊቱን ሙሉ «ለምን እንደዛ አለችኝ?» እያሉ መገላበጥ። ኦቨርሼር የትዳር ጉዳይን ለማያውቁት ሰው ሁሉ መዘርገፍ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ከመጣ ወዲህ ሥራ የበዛበት ግሥ ነው።

ኦቨርሪአክትን ለብቻው ላንሣው። «አታካብድ» የምንለው በጣም ይቀርበዋል። ልጅቷ አንድ ቀን ስልክ ስላላነሣች «ጥላኛለች» ብሎ አልጋ ላይ የወደቀውን ጓደኛችሁን «ዩ አር ኦቨርሪአክቲንግ» ልትሉት ትችላላችሁ። ግን አማርኛው ላይ «አታካብድ» በሣቅ የሚባል ቀላል ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው ሰውየው የምር ተቆጥቶ ሳለ ከተባለ ነዳጅ ነው። የተናደደች ሚስትን «ኦቨርሪአክት እያደረግሽ ነው» ያለ ባል የሚደርስበትን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። የተጋነነ ወሬ ሲሆን ደግሞ ኦቨርሪአክት አይሆንም። እሱ ኤግዛጀሬት ነው። ኦቨርሪአክት ስሜት ነው፣ ኤግዛጀሬት ወሬ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛው፣ ኦቨር ከተለጠፈ «ቱ መች» አትጨምሩ። «አይ ኦቨርኤይት ቱ መች» ሁለት ጊዜ «በዛ» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ኃላፊ ጊዜው የዋናውን ግሥ ተከትሎ ይሄዳል። ዱ ዲድ ከሆነ ኦቨርዱም ኦቨርዲድ ነው። ስሊፕ ስሌፕት፣ ስለዚህ ኦቨርስሌፕት። ስፔንድ ስፔንት፣ ስለዚህ ኦቨርስፔንት። «ኦቨርስሊፕድ» ብላችሁ አታስቀይሙን።

«ኦቨርታይም»ስ? እሱ ግሥ አይደለም። «አይ ኦቨርታይምድ» አይባልም። «አይ ዎርክድ ኦቨርታይም» ነው። አሠሪ ሠራተኛውን ሲያደክም ግን ግሥ አለ፤ ኦቨርዎርክ። «ዘይ ኦቨርዎርክ ዘ ስታፍ።»

አላግባብ እና ከመጠን በላይ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይሄ ነው፤ ትንሽ እንቆይ።

አማርኛ ውስጥ «አላግባብ ተጠቀመ» እና «ከመጠን በላይ ተጠቀመ» የተለያዩ መሆናቸውን ማንም ያውቃል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያቸዋል። «ከመጠን በላይ» ካላችሁ ኦቨር ነው። «አላግባብ» ካላችሁ ሚስ ነው። ሚስዩዝ ማለት ነገሩን ለማይሆን ጉዳይ ወይም በማይሆን መንገድ መጠቀም ነው፤ ብዛት አያስፈልገውም፣ አንድ ጊዜም ይበቃል።

አንቲባዮቲክ ሁለቱንም ያሳያል። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ሰውየው ጉንፋን ይዞት ፋርማሲ ገብቶ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጠ። ይሄ ሚስዩዝ ነው፤ መድኃኒቱ የማይሆነው ቦታ ገባ። አገሩ ሁሉ በየምክንያቱ፣ በየሳምንቱ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ደግሞ ኦቨርዩዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጀርሞች መድኃኒት እየተላመዱ መምጣታቸውን ሲያስረዳ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን የሚጽፋቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሁለቱ የሚከብደው አቢዩዝ ነው። እዚህ ውስጥ ጉዳት አለ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ተጎጂ ሰው አለ። በሕጋችን «በሥልጣን አላግባብ መገልገል» የሚባለው በእንግሊዝኛው ቅጂ አቢዩዝ ኦፍ ፓወር ነው። ዕፅ ላይ ሲሆን ሱስና ጉዳት አለበት። ሰው ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «ሂ አቢዩዝድ ሚ» ካላችሁ የሚሰማው ሰው ድብደባ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ነው የሚገባው። ጓደኛችሁ መኪናችሁን ተውሶ ነዳጁን ጨርሶ ከመለሰ ይሄን አትበሉ፤ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። «ተጠቀመብኝ»፣ «ደግነቴን መጫወቻ አደረገው» ለማለት «ሂ ቱክ አድቫንቴጅ ኦፍ ሚ» ይበቃል። እሱንም ቢሆን በወንድና ሴት መካከል ስትጠቀሙ አስቡበት፤ ሌላ ትርጉም ሊይዝ ይችላል።

አነባበቡ ላይ ደግሞ ፊደላችን ይረዳናል። ግሥ ሲሆን መጨረሻው ዝ ነው፤ ዩዝ፣ አቢዩዝ፣ ሚስዩዝ፣ ኦቨርዩዝ። ስም ሲሆን ስ ይሆናል፤ ዩስ፣ አቢዩስ፣ ሚስዩስ፣ ኦቨርዩስ። በላቲኑ አጻጻፍ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይታወቅም። እስካሁን «አቢዩዝ ኦፍ ፓወር» ብዬ የጻፍኩት በአገራችን አባባል ነው እንጂ ስም ስለሆነ በትክክል ሲነበብ «አቢዩስ ኦፍ ፓወር» ነው።

ሰዓትና ቀን ሲያልፍ

ለስደት ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግሥ ኦቨርስቴይ ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ መቆየት። «ሺ ኦቨርስቴይድ ኸር ቪዛ» ይባላል፤ በመካከል ምንም መስተዋድድ የለም። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጉዳዩንም ማወቅ ስለሚጠቅም ልጨምርበት። አሜሪካ ውስጥ የሚቆጠረው ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበት ቀን አይደለም፤ ስትገቡ በሚመዘገብላችሁ አይ-94 ላይ ያለው ቀን ነው። ቪዛው ገና ሁለት ዓመት እየቀረው አይ-94 ያለፈበት ሰው ኦቨርስቴይ አድርጓል። ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ቆይቶ የወጣ ሰው በአጠቃላይ 3 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ዓመት ነው። አውሮፓ ሸንገን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ጉብኝት ደግሞ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው የሚፈቀደው። ዱባይ ከሆናችሁ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። እንግዲህ ኤምባሲ ወይም ጠበቃ ዘንድ ስትጠየቁ «ሃቭ ዩ ኤቨር ኦቨርስቴይድ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አስቡት። «ሎንግ ጊዜ ቆይተሻል ወይ?» እየተባልኩ ነው ብላችሁ በፈገግታ «የስ» እንዳትሉ።

ይሄው ግሥ ለእንግድነትም ያገለግላል። ሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ወር የሞላው እንግዳ ዌልካሙን ኦቨርስቴይ አድርጓል ይባላል። አገር ቤት ይሄን ቃል የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም።

ስብሰባ ከሰዓቱ ሲያልፍ «ዘ ሚቲንግ ራን ኦቨር» ነው። ራን ኦቨር ግን ተከታይ ካለው «በመኪና ገጨ» ይሆናል። «ዊ ራን ኦቨር» ካላችሁ ሰዓት አሳለፍን፤ «ዊ ራን ኦቨር ዘ ማናጀር» ካላችሁ ደግሞ ጠበቃ ፈልጉ።

እንቅልፍ ላይም ልዩነት አለ። ኦቨርስሊፕ ሳይፈልጉ እንቅልፍ ወስዷችሁ መቅረት ነው። ስሊፕ ኢን ግን ብዙውን ጊዜ ወዶና አስቦ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስ ስቦ መተኛት ነው። አርፍዳችሁ ለአለቃችሁ ስትጽፉ «ሶሪ፣ አይ ኦቨርስሌፕት» ይቅርታ ነው። «አይ ስሌፕት ኢን» ካላችሁ «ሞቅ ብሎኝ ነው» ዓይነት ነገር ሊመስልባችሁ ይችላል።

ድንበር፣ ሥልጣን፣ ሕግ

ድንበር ሲነሣ እኛ ቃል አናጣም። ድንበር ገፋ፣ ድንበር ጣሰ፣ ድንበር ዘለለ። የሚገርመው እያንዳንዳቸው በእንግሊዝኛም የየራሳቸው ግሥ አላቸው።

«ድንበር ገፋ» ኢንክሮች ነው። በየክረምቱ በማረሻው አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ማሳ የሚገባው ገበሬ የሚሠራው ሥራ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ፣ እየሰለቀጠ። ከኋላው «ኦን» ይፈልጋል። ለመሬት ብቻም አይደለም፤ ሥራ የዕረፍት ጊዜያችሁን እየበላ ከሄደም ኢንክሮች ኦን ነው።

የሰው ግቢ ያለ ፈቃድ መግባት ትሬስፓስ ነው። አሜሪካ ገጠር ውስጥ አጥር ላይ «ኖ ትሬስፓሲንግ» የሚል ታፔላ ብታዩ አትግቡ፤ አንዳንድ ቦታ ባለቤቱ መሣሪያ አለው። ቃሉን ቤተ ክርስቲያን ሰምታችሁት ግራ ገብቷችሁ ይሆናል። አቡነ ዘበሰማያትን በእንግሊዝኛ ሲያደርሱ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ብዙዎች «ፎርጊቭ አስ አወር ትሬስፓሰስ» ይሉታል። መተላለፍ፣ በደል የሚለው የቆየ ትርጉሙ እዚያ ጸሎት ውስጥ ቀርቷል፤ ዛሬ መንገድ ላይ የምታገኙት ግን የግቢውን ነው።

ሕግ ላይ ሲመጣ መደበኛው ሰው ብሬክ ይላል። ብሬክ ዘ ሎ፣ ብሬክ ዘ ሩል። ውል ሲፈርስ ብሪች ይባላል። የቅጂ መብት ሲጣስ ኢንፍሪንጅ። ቫዮሌት ለሕግም ለሰብዓዊ መብትም ይሆናል፤ ነገር ግን ከኋላው ሰው አታስገቡ፣ አስገድዶ መድፈር ሊመስል ይችላል። ካላወቃችሁ ብሬክን ያዙ፤ አያሳፍራችሁም።

አሁን ወደምወደው ግሥ መጣሁ፤ ኦቨርስቴፕ። ሥልጣንን ወይም ቦታን አልፎ መሄድ። ምክትሉ ሥራ አስኪያጁ ሳያውቅ ሰው ከቀጠረ «ሂ ኦቨርስቴፕድ ሂዝ ኦቶሪቲ» ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባልለት ዓይነት ሰው ኦቨርስቴፕ ሲያደርግ ነው የሚውለው። ግን የግሡ ትልቁ ጥቅም ጨዋነት ላይ ነው። እኛ ታላቅ ሰው ፊት ሐሳብ ከመስጠታችን በፊት «ድፍረት ባይሆንብኝ» እንላለን አይደል? ይሄ ወግ በእንግሊዝኛ የለም ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። አለ። «አይ ዶንት ሚን ቱ ኦቨርስቴፕ፣ በት...» ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለአማት፣ ለጎረቤት። ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ወይም ስለ ሰው ገንዘብ አስተያየት ልትሰጡ ከሆነ ሳትሏት አትጀምሩ። ተናግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፊቱ ተለዋውጦ ካያችሁት ደግሞ «ሶሪ ኢፍ አይ ኦቨርስቴፕድ» ትላላችሁ።

በጓደኛ መካከል ኦቨርስቴፕ ይከብዳል። ቀልዱ ከልክ ሲያልፍ «ዩ ዌንት ቱ ፋር» ይባላል። የማይነካ ነገር ከነካ፣ እናቱን ወይም ሃይማኖቱን ካነሣ፣ «ዩ ክሮስድ ዘ ላይን» ነው፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይጠነክራል። ገና ሳያልፍ፣ እየተጠጋ ከሆነ «ዶንት ፑሽ ኢት» በሉት፤ ትዕግሥቴን አትፈታተን፣ በቃህ እንደማለት።

ብቻውን የሚይዝ ሰውም አለ። ቢሮ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቻርጀር ጠዋት ይዞ ማታ የሚለቅ፣ የእድር ስብሰባ ላይ ማይክ ላይ ሙጭጭ የሚል፣ ጠዋት ሰው እየተሰለፈ ሻወር ውስጥ የሚዘፍን። ለዚህ ሆግ የሚል ግሥ አለ። «ሂ ሆግድ ዘ ማይክ።» ትንሽ ስድብ ቢጤ ስለሆነ ለእድሩ ሊቀመንበር አትጠቀሙት።

ሱቅ ወይም ታክሲ ዋጋ ሲቆልልባችሁም ሁለት ምርጫ አለ። «አይ ቲንክ አይ ዎዝ ኦቨርቻርጅድ» ማንንም አይከስም፤ ምናልባት ሒሳቡ ተሳስቶ ይሆናል የሚል በር ይተዋል። «ዩ ሪፕድ ሚ ኦፍ» ደግሞ ፊት ለፊት ሌባ ማለት ነው። ገንዘባችሁን መልሳችሁ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጀምሩ።

ግሡ ካልመጣላችሁ

«ቱ መች» አለች። «አይ ዩዝድ ቱ መች»፣ «ሂ ቶክስ ቱ መች»፣ «ዩ ፑት ቱ መች ሶልት»። ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፣ ማንም አይሥቅባችሁም። ፈረንጆቹም ራሳቸው ከኦቨር ግሦች ይልቅ እሷን ያበዛሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አላት፤ «በጣም» ማለት አይደለችም። ቱ ካለ ችግር አለ። «ታንክ ዩ ቱ መች» ካላችሁ ምስጋናው በዛ ያላችሁ ትመስላላችሁ፣ «አይ ላቭ ዩ ቱ መች» ደግሞ ሊለያት ያሰበ ሰው ንግግር ሊመስል ይችላል። ለምስጋናና ለፍቅር ቬሪ መች ወይም ሶ መች ነው።

ኦቨር ያላቸው፣ ግን ያልበዙ

ኦቨር ያየንበት ሁሉ «ከመጠን በላይ» አይደለም። ኦቨርቴክ መቅደም ነው፤ ለመኪና። ኦቨርሂር ሳይነግሯችሁ የሰው ወሬ ጆሯችሁ መግባቱ ነው። ኦቨርካም ችግርን ማሸነፍ፣ ኦቨርስሮው መንግሥትን መገልበጥ። ኦቨርተርን መኪና ሲሆን መገልበጥ፣ ፍርድ ሲሆን መሻር።

አደገኞቹ ኦቨርሲ እና ኦቨርሉክ ናቸው። ሁለቱም ማየት ይመስላሉ። ኦቨርሲ መቆጣጠር፣ ሥራን መምራት ነው። ሲቪ ላይ «አይ ኦቨርሶ አ ቲም ኦፍ 12» ብትጽፉ 12 ሰው አስተዳድሬያለሁ ነው፤ ያምራል። ኦቨርሉክ ግን ሳያዩ ማለፍ ነው፣ ልብ አለማለት። ለሥራ አመልክታችሁ ኢሜይላችሁን «ፕሊዝ ኦቨርሉክ ማይ አፕሊኬሽን» ብላችሁ ከዘጋችሁ «እባካችሁ ማመልከቻዬን አትዩት» ብላችኋል፤ ቅጥር ክፍሉም እንደ ቃላችሁ ሊያደርግ ይችላል። የፈለጋችሁት ሉክ ኦቨር ነው፤ «ፕሊዝ ሉክ ኦቨር ማይ አፕሊኬሽን»። ስማቸው ኦቨርሳይት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አንዱ ቃል ቁጥጥርም ነው፣ ሳያዩ ያለፉት ስሕተትም ነው። ኮሚቴ ኦቨርሳይት ካለው እየተቆጣጠረ ነው፤ «ኢት ዎዝ አን ኦቨርሳይት» ካላችሁ ግን አምልጦኛል እያላችሁ ነው።